አንዲት ክፍት ቦታ

ሴት ልጅ ልትወለድልን አንድ ወር ቀርቷል። አልጋው ተገዝቷል፣ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ስም ግን የለም። ስም ጠፍቶ አይደለም፤ በዝቶ ነው።

ለማታውቁን እናስረዳ። አባትየው የጎጃም ልጅ ነው፣ እናትየው የወለጋ። ሁለቱን አገር የሚለያቸው አባይ ነው፤ ሁለታችንን ያገናኘችን ደግሞ አዲስ አበባ (ሌላ ማን ያገናኘናል?)። ቤታችን ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል፤ ቁጣው በአንዱ፣ ማባበሉ በሌላው። የትኛው በየትኛው እንደሆነ አንናገርም።

ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጡት እጩዎች አባይነሽ፣ የሺእመቤትና ማስተዋል ናቸው። ከነቀምት በኩል ደግሞ ጫልቱ፣ ለሊሴና ቢፍቱ። ጓደኞቻችን አስታራቂ ሐሳብ አላቸው፤ «ሊያ በሏት፣ ሶልያና በሏት፣ ማንም አይከፋም» ይሉናል። እውነት ነው፣ ማንም አይከፋም። ግን ሁለት አያቶችን ላለማስቀየም ብሎ ሁለቱንም ከልጅቷ ስም ማስወጣት እርቅ ነው እንዴ?

ቁጭ ብለን ስናሰላው አንድ ነገር ገባን። የአገራችን የስም አሠራር ሦስት ቦታ አለው። ልጅቷ ምንም ትባል ምን፣ ሁለተኛው ቦታ የአባቷ ነው፣ ሦስተኛው የወንድ አያቷ። ሁለቱም የጎጃም፣ ሁለቱም የወንድ። ፓስፖርቷ ላይ፣ ዲፕሎማዋ ላይ፣ የባንክ ደብተሯ ላይ ዕድሜ ልኳን ይከተሏታል። የእናቷ አባት የትም የለም፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት እናትማ ጭራሽ። የ1952 ዓ.ም.ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ይህ የታየው ይመስላል፤ በአንቀጽ 34 ስም መምረጡን ለአባት ሰጥቶ ሲያበቃ፣ እናት ሁለተኛ መጠሪያ ልትጨምር እንደምትችል ይጠቅሳል። ይህን ያደረገች እናት ግን በእኛ ዙሪያ አላየንም።

ስለዚህ የወለጋ ወገን ሊገባባት የሚችለው ክፍት ቦታ አንዲት ብቻ ናት፤ የመጀመሪያዋ። ሌላው ሁሉ ገና ሳትወለድ ተይዟል።

«በቃ፣ ኦሮምኛ ይሁን!» ያለው አባትየው ነው። ያመነታችው ማን ትመስላችኋለች? እናትየው! «ትምህርት ቤት በስሟ ቢስቁባትስ?» አለች። ከመሬት ተነስታ አይደለም። ጫልቱ ማለት «የበለጠች» ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ስንት ዘመን መሳቂያ ሆኖ ኖሯል። ተስፋዬ ገብረአብ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው «የስደተኛው ማስታወሻ» ውስጥ «ጫልቱ እንደ ሄለን» የሚል ትረካ አስገብቶ ነበር። ትረካው ብዙ አከራክሯል፤ የሚቀበለውም የሚያወግዘውም አለ። ከትረካው ውጭ ግን በስሟ ተሳቃ ሌላ ስም ያወጣች ሴት ሁለታችንም እናውቃለን። በስም መሻገር የቆየ ነገር ነው፤ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኦነሲሞስ ነሲብ እንኳ ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር። ትርጉሙ ደግሞ፣ ይገርማችሁ፣ «ተርጓሚ» ነው።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ ይኼኛው ለሳቅ አይመችም። የፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም። ስም ግን ሳይጠየቅም ይናገራል፤ በደህና ቀን ለጨዋታ፣ በክፉ ቀን ለሌላ። አንዱ ስም በአንዱ መንገድ ላይ ያሰጋል፣ ሌላው በሌላው። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳን ይኼ ነበር። በየትኛውም መንገድ ላይ የማያሰጋ ስም ፈለግን፣ ፈለግን… የለም። ከሌለ ደግሞ የምንወደውን እንስጣት አልን።

ቢፍቱ አልናት። የማለዳ ፀሐይ ጨረር ማለት ነው። ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ ሲጠራ ከወለጋ ይነሳና አባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። አንዱንም አልተውንም፣ አንዱንም አልደበቅንም።

የጎጃሟ አያት በስልክ ስንነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ምን ማለት ነው ልጄ?» ብለው ምራታቸውን ጠየቁ። «የማለዳ ጮራ ማለት ነው እማዬ» አለቻቸው። «እንዲያ ነው እንዴ! እኔ ጮራዬ እላታለሁ!» አሉ፤ ተፈቅዶላቸዋል። ነቀምት ያሉት አያትም በበኩላቸው ማስተዋልን የቤት ስም ሊያደርጉላት አስበዋል አሉ። (ማን አስታረቃቸው? እኛ አይደለንም!) የክርስትና ስሟ በሰማንያ ቀኗ ይመጣል፤ እሱ የቄሱ ሥራ ነው።

አድጋ ስሟን ባትወደው ትቀይረው፤ መብቷ ነው። ብቻ አንድ ቀን «ሄለን ልባል» ብላ ከመጣች፣ ምክንያቷ ሄለን የሚለው ስም ደስ ብሏት ይሁን እንጂ ቢፍቱ መባል አስፈርቷት አይሁን።