አሮጌው ቤት በአዲሱ ቤት ውስጥ

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ወጥቶ ጋይንትን ሲያቋርጥ ንፋስ መውጫን ያገኛታል። ስሟ ለጠባይዋ የተስማማ ነው፤ ንፋሱ ገና በማለዳ ተነሥቶ የቤቱን ክዳን ሁሉ ሲፈትን ይውላል። በዚህ አገር ቤት ሠርቶ የኖረ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ቤትን የሚያቆመው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ክዳኑን በየጊዜው የሚያድሰው እጅ ጭምር መሆኑን ነው። እኔ ግን ይህን የአባቶች ዕውቀት በሚገባ የተረዳሁት ከኮምፒዩተር ነው ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል። የሆነ ሆኖ ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር የኖርን አንድ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። እርሳቸውም በቂ የመሞከሪያ ዕቃ በሌለበት ክፍል ሳይንስን በጠመኔ ብቻ ማስተማር ሲያንገበግባቸው ኖሮ፣ ፍላሽ በተባለው ፕሮግራም ሥዕልን ማንቀሳቀስ ከመጽሐፍ ተማሩ። መብራት በኖረ ምሽት ሁሉ እየተቀመጡም የጨረቃ ግርዶሽ እንዴት እንደሚሆን፣ ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦ እንዴት እንደሚዞር የሚያሳዩ ትምህርቶችን አዘጋጁ። በያንዳንዱም ላይ በገዛ ድምፃቸው ማብራሪያ ጨመሩበት። ትምህርቶቹ የሚከፈቱት ብራውዘር በምንለው የድረ ገጽ ማሰሻ ነበር፤ ብራውዘሩም ሥዕሎቹን ለማንቀሳቀስ ፕለጊን የሚባለውን፣ ማለት በላዩ ላይ የሚሰካውን ረዳት ፕሮግራም፣ ይፈልግ ነበር። መምህሩ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ የብዙ ሌሊት ድካማቸው በአንድ ሲዲ ተገልብጦ በቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ተበላሹና በምትካቸው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው አዳዲሶች መጡ። ደስታችን ታላቅ ነበር። ነገር ግን ስለ ግርዶሽ የማስተምርበት ቀን ደርሶ ሲዲውን ብከፍተው፣ ጨረቃና ፀሐይ ይታዩበት በነበረው ስፍራ ግራጫ ሣጥን ብቻ ተገተረብኝ። ተማሪዎቹ በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር፤ እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስሁ። ያን ዕለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለኔ የተነገረ መሰለኝ። ሲዲው በእጄ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከእጄ የለም።

ምክንያቱን ስመረምር ነገሩ ከሁለት ወገን የመጣ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው የአሠራር ልዩነት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሊጠራቸው የሚችላቸው የማስታወሻ አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህም 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ይህ ስለ ጠበበ፣ ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አሮጌውን አሠራር ሳያፈርስ 64 ቢት የሚሠራ ፕሮሰሰር አወጣ። ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስም ለአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች በውስጡ ማደሪያ አዘጋጅቶላቸዋል፤ የፕሮግራሞቹ ማኅደር ሁለት ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። በሬና ግመል በአንድ ቀንበር እንደማይጠመዱ ሁሉ፣ ባለ 32 ቢት ፕለጊንም በባለ 64 ቢት ብራውዘር ውስጥ ገብቶ ሊሠራ አይችልም። ፍላሽ ለባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የሚሆን ፕለጊን ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ስለ ነበር፣ እስከዚያ ድረስ ኮምፒዩተራቸው አዲስ የሆነ ሰዎች ሁሉ ፍላሽን ለማየት ሲሉ አሮጌውን ባለ 32 ቢት ብራውዘር በአዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያስኬዱ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የፍላሽ ሞት ነው። ሠሪው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2017 አስቀድሞ እንዳስታወቀው፣ በታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ድጋፉን አቋረጠ፤ ከጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮም የመጨረሻዎቹ ዕትሞች ማናቸውንም ሥራ እንዳይከፍቱ የሚከለክል ትእዛዝ አስቀድሞ በውስጣቸው ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ፕለጊኑ የሞተው የሞቱን ቀን በልቡ ተሸክሞ ኖሮ ነው ማለት ይቻላል።

የቀድሞ ተማሪዬ የነበረና ዛሬ ኮምፒዩተሮችን የሚጠግን አንድ ወጣት ይህን ስነግረው ሣቀ።

«ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ቀኑን የሚያውቀው እኛ ስንነግረው አይደለም እንዴ? ቀኑን ወደ ኋላ ብንመልስለት መሞቱን ይረሳል» አለኝ።

እውነትም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ሳይነቀል የቀረ ፍላሽ አግኝቶ ቀኑን ቢመልሰው ሣጥኑ ተከፈተ። እኔ ግን ልቤ አልረጋም።

«ልጄ፣ የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገበውም በዚሁ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ግርዶሽ ለማሳየት ብለን የመዝገቡን ቀን ሁሉ ልናሳስት ነውን?» አልሁት።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» ብሎ ቀኑን ወደ ቦታው መለሰው።

በማግሥቱ ከዕቃ ቤት ከተጣሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች የአንዱን ዲስክ ፈትቶ አመጣ። ማሽኑ ቢሞትም ዲስኩ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። በውስጡም ባለ 32 ቢት ፋየርፎክስና ያ የሞት ቀን ትእዛዝ ያልገባበት የቆየ የፍላሽ ዕትም ተገኙ። ፋየርፎክስ እስከ 84ኛው ዕትሙ፣ ማለት እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ድረስ፣ ፍላሽን ይቀበል ስለ ነበር ሁለቱ ተስማምተው መሥራት የሚችሉ ናቸው። ወጣቱ ብዙ ጊዜ ከሞከረ በኋላ እነዚህን በአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ተከላቸው። ያንኑ ኮምፒዩተር የኢንተርኔቱን መስመር ነቅሎ ለብቻው አስቀመጠው። ምክንያቱንም እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ አሮጌ ብራውዘርና አሮጌ ፕለጊን ጠጋኝ የሌለው አጥር ናቸው፤ ቀዳዳቸውን ሌባው ያውቀዋል፣ የሚደፍነው ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹን ሰበሰብሁ። መሬት ዞረች፣ ጥላዋም በጨረቃ ላይ አረፈ። ወዲያው የሟቹ መምህር ድምፅ «እንግዲህ ልጆች፣ ጨረቃዋን አትኩራችሁ ተመልከቱ» ሲል በክፍሉ ውስጥ ተሰማ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስሁ። ትምህርቱ ሲያበቃ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ «መምህር፣ እኚህ የሚያስተምሩን ሰው ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳያያት ላስተማራት ሰው ስሙን መንገር ለኔ ታላቅ ዕዳ መስሎ ታየኝ፤ ነገርኋትም።

ይህ ከሆነ በኋላ ለበዓል ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ። ቤተ ልሔም በዚሁ በጋይንት ምድር የምትገኝ፣ የድጓ ሊቃውንት ተምረው የሚመሰክሩባት ስመ ጥር ጉባኤ ቤት ናት። ቶማስ ፓኬናም የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ወደ ስፍራው ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደ ሌሎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ክብና በሣር የተከደነ ቤት ነበር፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በዚያ ክብ ቤት ውስጥ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ማዕዘን ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሰውሮ አገኘ። በዚያ ቅጥር ቆሜ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ትዝ አለኝ። የኋለኞቹ ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱትም፤ ለዝናብና ለንፋስም አልተዉትም፤ በራሳቸው ዘመን አሠራር ሌላ ቤት ሠርተው በውስጡ አኖሩት። ባለ 32 ቢቱን ብራውዘር በባለ 64 ቢቱ ሲስተም ውስጥ ያኖረው ጥበብም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ሰው በዚህ ተማምኖ መተኛት የለበትም። ሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ ከሥሩ ያለውንም ይዞ እንደሚበሰብስ፣ በኮምፒዩተርም ዓለም መጠለያ የተባለው ሁሉ ዕድሜ አለው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓወር ፒሲ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሲሻገር፣ የአሮጌዎቹን ፕሮግራሞች ቋንቋ ለአዲሱ የሚያስተረጉም ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ ሰጥቶ ነበር፤ በ2011 ግን አስተርጓሚውን አሰናበተው። በጥቅምት 2019 የወጣው ካታሊና የተባለው ሲስተሙም ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ፈጽሞ አልቀበልም አለ። የኛ ዊንዶውስ 10 ራሱ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዘወትር ድጋፉ አብቅቷል። አዲስ ነው ስንለው የነበረው ቤትም እነሆ ጠጋኝ ፈላጊ ሆነ።

ስለዚህ ከመጠለያ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ማሻገር ነው። ሩፍል የተባለው ፕሮግራም ፕለጊኑ ሳያስፈልግ የፍላሽን ሥራዎች በዛሬ ብራውዘር ውስጥ ያስኬዳል፤ ኢንተርኔት አርካይቭም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በዚሁ መሣሪያ ብዙ የቆዩ ሥራዎችን ለሕዝብ ከፍቷል። ከመምህሩ ትምህርቶች የቆዩት በሩፍል ተከፈቱ፤ በኋለኛው የፍላሽ ቋንቋ የተጻፉት ግን አንዳንዶቹ አሻፈረኝ አሉ። እነዚያ በዚያ ለብቻው በተቀመጠው ኮምፒዩተር ውስጥ ተጠልለው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በሲዲው ላይ የነበሩት የጽሑፍ ማስታወሻዎችም ሌላ ትምህርት ሰጡን። ብንከፍታቸው ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ተደርድረው ታዩ። የቀድሞዎቹ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች የሚያገኙት ስፍራ 256 ብቻ ስለ ነበር፣ ሰባት ሰባት ሆነው የሚቈጠሩት ፊደሎቻችን ከዲቃላዎቹና ከአኃዞቹ ጋር አልበቃቸው ብሎ፣ በላቲኖቹ ቦታ ላይ ተከፋፍለው ይቀመጡ ነበር፤ አከፋፈሉም እንደየሠሪው ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ግን እያንዳንዱ ፊደላችን በዓለም ሁሉ የታወቀ የራሱን ቍጥር አገኘ። አሮጌውን የፊደል ፋይል ፈልገን ብንጭነው ጽሑፉ ተነበበ፤ ከዚያም ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ በዩኒኮድ ገለበጡት።

ይህን ስጽፍ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚጠብቁትን ወንድሞቼንና እኅቶቼን አስባለሁ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በአብዛኛዎቹ የዊንዶውስ 10 ዕትሞች ላይ ሲሰናበት፣ በእርሱ ብቻ የሚከፈት ሥራ የነበረው ሁሉ ሳይጨነቅ አልቀረም። ደቡብ ኮሪያ እንኳ፣ በሥልጣኔ የገሰገሰችው፣ ባንኮቿንና መሥሪያ ቤቶቿን ከዚያ ብራውዘር ፕለጊን ጋር አስተሳስራ ኖራ ለመላቀቅ ብዙ ዓመታት ፈጅቶባታል። አሮጌ ብራውዘርን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ማስኬድ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በዚያ ተደላድሎ መቀመጥ ነው። የተጠለለው ነገር ከኢንተርኔት ይለይ፤ በሁለትና በሦስት ቦታ ይገልበጥ፤ እንዴት እንደሚከፈት በወረቀት ተጽፎ ከጎኑ ይቀመጥ፤ የሚያሻግረውም ሰው ዛሬውኑ ይመደብ።

በትምህርት ቤታችን የግርዶሹን ትምህርት ፕለጊን በማያሻው በአሁኑ የድረ ገጽ ቋንቋ እንደገና የሠራችው ያችው የመምህሩን ስም የጠየቀችኝ ተማሪ ናት። ሥዕሉን ሁሉ አዲስ አድርጋ ስታበቃ ድምፁን ግን አልነካችውም። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃት «እርሱማ አላረጀም» አለችኝ።