ምልጃ ያልተቀበለ መምህር

በልደታ ከባቡሩ ድልድይ አጠገብ እኖራለሁ። ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ድምፁን ለምደነዋል። ሁለተኛይቱ ልጄ መንዳት ልትማር በገባች ጊዜ እጅግ ደስ አለኝ። ነገር ግን ባልንጀሮቿ ሲያልፉ መምህሯ «አንቺ ገና ነሽ» ብሎ ከለከላት። የአባት ፍቅር አሸንፎኝ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ላማልዳት ሄድሁ።

መምህሩም ከወንበሩ ተነሥቶ በአክብሮት ተቀበለን። «ጌታዬ፥ የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ፥ ይልቁንም በዝናም ጊዜ፥ ቶሎ አይቆምም። ነጂው ፍሬን የሚይዘው አስቀድሞ አስቦ ነው፤ ልጅዎ ግን ትዘገያለች። ዛሬ ለእርስዎ እሺ ብል፥ ነገ የሚጐዳው የሌላ ሰው ልጅ ነው» አለኝ። መልስ አጥቼ በኀፍረት ተመለስሁ።

እርሱ ግን እንቢ ብሎ አልተዋትም፤ የዕረፍት ሰዓቱን እየሠዋ ክረምቱን ሙሉ አስተማራት። በኅዳር ፈቀደላት።

ብቻዋን በነዳች ቀን፥ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ በሚጋሩበት በስታዲየምና በልደታ መካከል ተሳፈርሁ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። ባቡሩ ልደታ ሲቆም በትራቸውን እንኳ አልተደገፉም። ነጂይቱ ልጄ መሆኗን ልነግራቸው ፈልጌ እንባ ከለከለኝ።

ወላጆች ሆይ፥ ስለ ክብራችን እሺ የሚለን ሰው ብዙ ነው። ስለ ልጃችን ብሎ እንቢ የሚለንን መምህር ግን እናክብረው።