መደርደሪያው ሲወድቅ እኔ ማኪያቶ እጠጣ ነበር

ሁልጊዜ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚቀባጥር ሰው ዛሬ ስለ መደርደሪያ ልጽፍ ነው ሲል ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን አንብቡት። አናጺ አይደለሁም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ከእስክሪብቶ ሌላ መሣሪያ አያውቅም። ታዲያ ምን አገባህ? ካላችሁኝ፣ ያገባኛል። መደርደሪያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ የሰው ልጆች ታውላለች። «ሞግዚት» ብላችሁ እንዳትጠሯት፤ ትቀየማለች። «ማቆያ ነው የከፈትኩት» ነው የምትለው። አምስት ልጆች አሏት፤ ማለቴ የሰው አምስት ልጆች። ሁለቱ ገና መቀመጥ የሚለማመዱ ጨቅሎች ናቸው። ሦስቱ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚሆናቸው፣ በእግራቸው የቆሙ አውሎ ነፋሶች!

መቼም ለምን ሰው ቤት ያውሏቸዋል ብሎ የሚጠይቅ ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ አያት አጠገቡ አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ዘጠና ቀን ማለት እኮ ሕፃኑ አንገቱን አጽንቶ ዙሪያውን ማየት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከዚያ እናት ወደ ሥራዋ። ልጁስ? አያት ክፍለ ሀገር ናት። የቤት ሠራተኛ ደግሞ ዛሬ ተገኘች ሲሉ ነገ የለችም። ስለዚህ እህቴ ጋ።

ችግሩ ሳሎኑ አንድ መሆኑ ነው። ጨቅሎቹ ሲተኙ አውሎ ነፋሶቹ ይረግጧቸዋል። እህቴ መጀመሪያ በገመድ መጋረጃ ዘረጋች። ሦስቱም እየተንጠለጠሉ ዥዋዥዌ ተጫወቱበት፤ በሳምንቱ ገመዱ ተበጠሰ። ይሄኔ ነው እንግዲህ እኔ «አዋቂው» ብቅ ያልኩት። «መጋረጃ ምን ያደርግልሻል? መደርደሪያ መሀል ላይ እናቁም። ቤቱም ይከፈላል፣ አሻንጉሊቱም ቦታ ያገኛል» አልኳት። ሐሳቡ ራሱ ክፉ አልነበረም። አሁንም ክፉ አይደለም።

ክፉው የመረጥኩት ዕቃ ነበር። አንድ ቢሮ ሲዘጋ ዕቃውን ይሸጣል ሲሉ ሰምቼ ሄድኩና ለፋይል ማስቀመጫ የተሠራ፣ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባ የሌለው፣ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ መደርደሪያ በ2,800 ብር ገዛሁ። እንዴት ያለ ግርማ ሞገስ ነበረው መሰላችሁ! ሁለት ተሸካሚዎች አራተኛ ፎቅ ድረስ እየተራገሙ አወጡት። መሀል ሳሎን ላይ አቆምነው። እህቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይሄ ነገር አይወድቅም?» አለችኝ። በአንድ እጄ ነቅነቅ አድርጌ «ይሄ? ይሄንን መድፍም አይጥለው!» አልኳት። ይህቺን ቃሌን እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።

ሌላም ጥፋት ጨመርን። ሦስቱ ልጆች የሚጣሉበት አንድ ቀይ የፕላስቲክ መኪና አለ። ጠባቸው ሲበዛ እህቴ መኪናውን አንስታ «አይደርሱበትም» ብላ የመጨረሻው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ከታች ሆነው እያዩት።

ሐሙስ ጠዋት ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ። እኔ ከታች ካለው ካፌ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። እህቴ ማዕድ ቤት ገብታ ወተት ታሞቃለች፤ በሩ ክፍት ነው፣ ድምፃቸውን ትሰማለች። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ የታችኛውን እርከን ረገጠ፣ ሁለተኛውን ረገጠ፣ ሦስተኛው ላይ ወጣ… ከዚያ በኋላ ያለውን እህቴ ስታወራ እስካሁን ድምፅዋ ይቆራረጣል። መደርደሪያው በልጁ በኩል መጣ። የሶፋው ክንድ ያዘው። ልጁ ሶፋውና መደርደሪያው በሠሩት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ከንፈሩ በጥርሱ ተነክሶ ከመድማቱ በቀር ምንም አልሆነም። ጤና ጣቢያም ሄዶ ታየ፤ ደህና ነው ተባለ።

በዚያኛው በኩል ግን ሶፋ አልነበረም። በዚያኛው በኩል ሁለቱ ጨቅሎች ፍራሽ ላይ ተኝተው ነበር።

እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ስደርስ እህቴ ልጁን ታቅፋ ስልክ ልትደውል ነው። እውነቱን ልናገር፤ «ሲሮጥ ወድቆ ነው በያት» አልኳት። ከመደርደሪያው ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። እህቴ ቀና ብላ አየችኝና መልስም አልሰጠችኝም። ለእናትየው እንዳለ ነገረቻት፤ ቀዩ መኪና ሳይቀር። እናትየው ከመሥሪያ ቤቷ መጣች። አልጮኸችም። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ካየችው በኋላ «ማነው ያመጣው?» አለች። እጄን አወጣሁ፣ እንደ ተማሪ። ልጇን አቅፋ ሄደች። በማግስቱም አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም።

ከዚያማ እንቅልፍ አጣሁ፤ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ለካ ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ አንቀላፍቼ ነበር። ቀጭንና ረጅም ዕቃ ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ ትንሽ ዘንበል ካለ ራሱን መመለስ አይችልም። ልጅ ደግሞ ከፊት ለፊት ሲንጠለጠል ሚዛኑ ከእግሩ ውጪ ይወጣል፤ ከፍ ብሎ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። እኔ ቆሜ በአንድ እጄ መነቅነቄ ምንም ፈተና አልነበረም።

ይሄ ደግሞ የኛ ሰፈር ጉድ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ ኢኬያ አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸውን 29 ሚሊዮን ገደማ ባለመሳቢያ የልብስ ማስቀመጫዎች እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ከግድግዳ ጋር ካልታሰሩ ልጆች ላይ እየወደቁ ሕይወት አጥፍተዋልና። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው አገር ሕግ ወጣ። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የልብስ ማስቀመጫ እስከ 27 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የሚያሳርፍበትን ጫና ችሎ መቆሙ መፈተሽ አለበት። ሕጉ ለልብስ ማስቀመጫ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ልጅ ግን ሲወጣ አይለይም፤ ለእሱ ሁሉም መሰላል ነው።

ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ ወዳሉ አንድ አናጺ ሄድኩ። ጋሼ እቤት ድረስ መጥተው መደርደሪያዬን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የተሠራው ለወረቀት ነው። ወረቀት አይንጠላጠልም» አሉኝ።

እኔ «ከግድግዳ ጋር ይሰር» የሚለውን ምክር አንብቤ ስለነበር በኩራት ተናገርኩ። ጋሼ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «መሀል ቤት የሚቆም ነገር ጀርባውን ለየትኛው ግድግዳ ይሰጣል?» ዝም አልኩ። ቤት ለመክፈል መደርደሪያ የምታቆሙ ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ነው። መሀል ቤት ሲወጣ ግን ያው ዕቃ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ከፊትም ከኋላም ይወድቃል።

የጋሼ መልስ ይሄ ነበር። አንድ ረጅም ሳይሆን ሁለት አጫጭር መደርደሪያዎች፤ ቁመታቸው 70 ሳንቲ ሜትር፣ የጎን ውፍረታቸው 40። እህቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እንኳ አንገቷን ብታቀና ወዲያ ማዶ ያሉትን ጨቅሎች ታያለች። የመስኮቱም ብርሃን አይከለከልም። ሁለቱ እንደ ክርን ታጥፈው በብሎን ይያያዛሉ፤ አንዱ ወደ ፊት ልውደቅ ቢል ሌላው በጎኑ ይይዘዋል። ከዚያ የአንደኛው ጫፍ ግድግዳ ላይ ይጠጋና በብረት ይታሰራል። ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው አጥንት እያንኳኩ ሄዱ። «ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ ይልሃል ልሎ ይወጣል። ኮለኑ ላይ ነው የምንመታው» አሉና የኮንክሪት ምሰሶውን አገኙት።

ትራፓኖ ሲባል አከራይዋ ትዝ አሉን። እትዬ «ቤቴን ልትበሱት!» ብለው ተቆጡ። ያሳመናቸው የእኔ ፊዚክስ አይደለም፤ እህቴ ናት። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እሳቸውም እዚያው ብሎክ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ነበሩ። «እትዬ፣ ያን ለሊት ብርጭቆዎ ሲንጫጫ ምን አሉ?» አለቻቸው። ስንለቅ ቀዳዳውን በስቱኮ እንድንደፍን አስምለው ፈቀዱ።

ስለ ዕንጨቱም ልንገራችሁ። ቺፑድ ይረክሳል፤ ነገር ግን ወተትና ውሃ ሲፈስበት ያብጣል፣ ብሎኑም አፉ ይሰፋል። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የማይፈስ ነገር የለም። እኛ ኮምፔርሳቶ አደረግነው፣ ባለ 18 ሚሊ ሜትር። ጀርባው ተዘጋ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ጀርባ የሌለው መደርደሪያ ወደ ጎን ይወላገዳል፣ የእኔ ጉድ እንደዚያ ነበር። በዚያ ላይ የተዘጋው ጀርባ ወደ ጨቅሎቹ ስለዞረ ኩብ የሚወረውር ሰው ቢኖር እነሱ ጋ አይደርስም። ማዕዘኑ ሁሉ ተሞረደ። ቀለም ስንገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ጠየቅን፤ ልጅ ያገኘውን ጠርዝ ሁሉ ይልሳላ!

መግቢያውን ስንተው ጋሼ ትንሽ ክፍተት ግድግዳው ጋ ሊያስቀሩ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እኔ አዋቂ ሆንኩ። የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ለመጫወቻ ሜዳዎች ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ9 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና ከ23 የሚጠብ ክፍተት የልጅ ጭንቅላት ሊይዝ ይችላል። አካሉ ያልፋል፣ ራሱ ይቀራል። ስለዚህ ወይ ጨርሶ ይዘጋ፣ ወይ ትልቅ ሰው ሕፃን ታቅፎ የሚያልፍበት በር ይሁን። በር አደረግነው። ከዋናው በር ፊት ለፊትም ነው፤ ቡታጋዝ ያለበት ቤት ውስጥ መውጫ የሚዘጋ መደርደሪያ አልፈልግም። ጎማ እንግጠምለት የሚለውን ሐሳብ ደግሞ እህቴ ገና ሳይጨርሱት «አይሆንም!» አለች።

ጠቅላላው 9,000 ብር ፈጀ። ከፈልኩ፤ በሦስት ወር፣ ለጋሼ እየተቆራረጠ። ሲጨርሱ ጫፉን ይዤ 64 ኪሎዬን በሙሉ ጣልኩበት። ንቅንቅ የለም። አሮጌውን መደርደሪያ ልጆች ላሏቸው ጎረቤታችን ልሸጥ አስቤ እህቴ በዓይኗ ገረመመችኝ። አንድ ጽሕፈት ቤት ወሰደው፤ ለወረቀት።

ዕቃ አደራደሩንም አስተካከለች። ከባዱ የዕንጨት ኩብ ታች፣ ቀላሉ ላይ። ከመደርደሪያው አናት ላይ ግን ምንም! አበባ የለም፣ ስልክ የለም፣ ፔርሙዝማ በጭራሽ። እናንተስ? ማቆያ ባትከፍቱም እኅት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ባለመስታወት ቡፌያችሁ ታስሯል? ቴሌቪዥኑስ? ሪሞቱን ከላይ የሚያስቀምጠውስ ማነው?

ልጁ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። እናትየው በር ላይ ሰላም ብላን ገባች፤ ልጁን ሳታወርድ በግራ እጇ የመደርደሪያውን ጫፍ ያዘችና በኃይል ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ አወረደችው። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ሳትስበው አታወርደውም። እህቴ አትቀየምም፤ እንዲያውም «ሳቢው፣ ሳቢው» ትላታለች።

ቀዩ መኪና የታችኛው እርከን ላይ ነው ያለው። ሦስቱም አሁንም ይጣሉበታል።