ሁለተኛው ጥያቄ

እንዴት ናችሁ?

ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ እገምታለሁ፤ «ደህና፣ ጌታ ይመስገን።» ከእናንተ መካከል ይህን ከልቡ ያለ አለ። ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ፣ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ወደ ኅብረት መጥቶ ያንኑ መልስ የሚሰጥም አለ። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ መልሻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ይህን መልስ ሰምቼ በማለፌ ስለደረሰ አንድ ነገር ነው።

በቤተ ክርስቲያን ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በአንድ የስኪ መዝናኛ ተራራ ላይ ለሦስት ክረምት በድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያንነት ሠርቻለሁ። በዚያ አገር ሥራው ኢኤምቲ ይባላል። ኢኤምቲ ሐኪም አይደለም። ትምህርቱ በወራት የሚያልቅ ነው፤ የሚያውቀውም ጥቂት ነገር ነው። ያን ጥቂት ነገር ግን አንዱንም ሳይዘልል በተራ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል። ትንፋሽ መኖሩን ያያል፣ ደም ያቆማል፣ የተሰበረውን ያስራል፣ አንገት እንዳይንቀሳቀስ ይጠብቃል፣ ይጠይቃል፣ ይመዘግባል፣ ከእርሱ የበለጠ ለሚያውቅ ያስረክባል።

ስኪ ላላያችሁ ልንገራችሁ። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ሰው በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ተራራው ይወጣል፤ ከዚያ ሁለት ጠባብ ሳንቃ በእግሩ አስሮ፣ ወይም በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል ይንሸራተታል። መውደቅ ያለ ነው። በሁለት ሳንቃ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ይጎዳል፤ በአንድ ሳንቃ የሚሄደው በእጁ ስለሚመረኮዝ የእጁን አንጓ ይሰብራል። አንዳንዱ ደግሞ ጭንቅላቱን ይመታል።

አንድ ሰው ወድቆ መነሣት ሲያቅተው፣ አጠገቡ ያለ ሰው ሁለት ስኪዎችን ከበላዩ በኩል በመስቀል ቅርጽ በረዶው ላይ ይተክላል። ከሩቅ የሚያይ ሁሉ «እዚህ የወደቀ ሰው አለ» ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ የስኪ ፓትሮል የሚባሉት ይደርሳሉ፤ በጃኬታቸው ጀርባ ላይ ነጭ መስቀል አለ። በገጠራችን በሽተኛ በቃሬዛ እንደሚወርድ ሁሉ፣ እነርሱም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ቃሬዛ አስረው ያወርዱታል። ይህ አገልግሎት በአሜሪካ በአገር ደረጃ የተቋቋመው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። የጀመረው ቻርልስ ማይኖት ዶል የሚባል ሰው ነበር። እርሱ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት በቨርሞንት ተራራ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በብርድ ውስጥ እርዳታ ሲጠብቅ ቆይቶ ነበር። ወድቆ የሚያውቅ ሰው የጀመረው አገልግሎት ነው።

እኔ የምሠራው በተራራው ግርጌ ባለች የሕክምና ክፍል ነበር። ባልደረቦቼ አንድ ኢትዮጵያዊ በበረዶ መካከል ምን እንደሚሠራ ይገርማቸው ነበር። እኔም በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ስለተወዳደረው ስለ ሮቤል ተክለማርያም እየነገርኳቸው እኮራ ነበር። ኩራት እንዳለብኝ ያስታወስኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ክረምቴ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ አሥር ሰዓት ላይ ሊፍቶቹ ይቆማሉ። በሩ ተከፈተና ሁለት ወጣቶች ገቡ። አንዱ ሌላውን ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል። ሁለቱም ሐበሾች ናቸው። ከዴንቨር ከጓደኞቻቸው ጋር በአውቶቡስ የመጡ ናቸው።

«ወድቆ ራሱን መታ» አለኝ ጓደኛው።

በአማርኛ «እንዴት ነህ?» አልኩት። ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ራሴን ያመኛል እንጂ ምንም አልሆንኩም» አለኝ።

ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ከዚያ ወሬ ጀመርን። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወላጆቹ ከየት አገር እንደመጡ፣ ምን እንደሚማር ጠየቅሁት። ራስ ምታቱን «ከፍታው ነው» አልኩት። በእርግጥም በዚያ ተራራ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በየቀኑ የምናየው ነገር ነው፤ ዴንቨር በ1,600 ሜትር ላይ ናት፣ እኛ ያለንበት ግርጌው እንኳ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። «አዲስ አበባ ብታድግ ኖሮ አያምህም ነበር፤ ከዴንቨር እርሷ ትበልጣለች» ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። አውቶቡሱ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ዕድሜው 19 ስለሆነ ሕክምና አልፈልግም ብሎ በራሱ መፈረም ይችላል። ቅጹን ሰጠሁት፣ ፈረመ፣ ወጣ።

አሁን ያላደረግሁትን ልንገራችሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አራት ጥያቄ ይጠየቃል። ስምህ ማን ነው? አሁን የት ነህ? ዛሬ ምን ቀን ነው? ምን ሆንህ? ከዚያም የዓይኑ ብሌኖች እኩል መሆናቸው በመብራት ይታያል። እነዚህ ሳይደረጉ ማንም ፈርሞ እንዲወጣ አይፈቀድም። እኔ የመጀመሪያውን ጠይቄ ሁለተኛውን አልጠየቅሁም። ስሙን ያወቀ ሰው ሁሉን የሚያውቅ መሰለኝ፤ ሰዓቱም ደርሶ ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጓደኛው እየሮጠ መጣ። አውቶቡሱ አጠገብ በረዶው ላይ ተቀምጦ ሲያስመልሰው አገኘሁት። ስሙን ጠየቅሁት፤ በትክክል ነገረኝ። «የት ነህ?» አልኩት። «ቤት» አለኝ። አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ነበር።

አንዳንድ የጭንቅላት ጉዳት እንዲህ ነው። ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቀስ ብሎ ይጠራቀማል፤ በዚህ ጊዜ የተጎዳው ሰው ይናገራል፣ ይስቃል፣ ይራመዳል። ተዋናይቷን ናታሻ ሪቻርድሰንን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በማርች 2009 በካናዳ፣ በሞን ትሬምብላን፣ ስኪ ስትማር ወደቀች። ደህና ነኝ አለች፤ የመጣው አምቡላንስም ሳይወስዳት ተመለሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር። እንዲያውም በፈተና ላይ በትክክል መልሼው ነበር።

ልጁ በሄሊኮፕተር ተወሰደ፤ በዚያው ሌሊት የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እኔ ግን ያን ምሽት ሌላ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ሪፖርቱ። በኮምፒውተሩ ላይ አራቱ ጥያቄዎች በየሣጥናቸው ተደርድረው ምልክቴን ይጠብቃሉ። በክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። አራቱንም ምልክት ባደርግባቸው «አልጠየቅህም» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ልጁ ራሱ እንኳ ላያስታውስ ይችላል። ጣቴ እዚያ ላይ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ለጸሎት ቃል አጣሁ፤ «ጌታ ሆይ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም። በመጨረሻ አንዱን ብቻ ምልክት አድርጌ፣ ከሥሩ «ሌሎቹን አልጠየቅሁም» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ አነበበችው። ከሥራ አላባረረችኝም፤ ትምህርቱን ደግሜ እስክፈተን ድረስ ግን በሽተኛ እንዳልነካ ከለከለችኝ። ለሁለት ሳምንት ቃሬዛ ሳጥብና ብርድ ልብስ ሳጥፍ ሰነበትኩ። እውነት መጻፌ ጀግና አላደረገኝም። ጥፋቴን አላጠፋውም፤ ሌላ ጥፋት እንዳልጨምርበት ብቻ ጠበቀኝ።

ልጁ በጌታ ምሕረት ተረፈ። ከሁለት ወር በኋላ ደወለልኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ «ለምን ደህና ነኝ አልከኝ?» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ጋሼ፣ መውደቄን ራሱ አላስታውስም ነበር። ፈርቼ ነበር። ደግመው ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አለኝ።

ደግመው ቢጠይቁኝ ኖሮ። እስከ ዛሬ ድረስ በኅብረታችን በር ላይ ቆሜ ወጣቶችን ስጨብጥ ይህ ቃል ይመጣብኛል።

ኤልያስን አስቡት። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያን ታላቅ ድል ያየ ሰው፣ ወዲያው በምድረ በዳ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር አስቀድሞ አልገሠጸውም። አስተኛው፣ አበላው፣ እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው። በኋላ በዋሻው ውስጥ በዚያ ስፍራ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ኤልያስ መለሰ። ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ እግዚአብሔር ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀው፤ 1ኛ ነገሥት 19ን ክፈቱና ተመልከቱ። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ መረጃ ፈልጎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እኛ ያለንበትን አፍ አውጥተን እንድንናገር ነው። ከዚያም ብቻዬን ቀረሁ ላለው ሰው ኤልሳዕን ሰጠው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው ኅብረት አጠገባችሁ የሚቀመጠውን «እንዴት ነህ?» በሉት። «ደህና፣ ጌታ ይመስገን» ሲላችሁ አትለፉ። ሁለተኛውን ጠይቁ። «ይህ ሳምንት እንዴት አለፈ? ትተኛለህ? ትበላለህ? ቤት ሰላም ነው?» በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ወሬ ለመልቀም አይሁን፤ የሰማችሁትን «የጸሎት ርእስ» ብላችሁ አትዝሩት። ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር ብትሰሙ፣ በተለይ መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ብትሰሙ፣ ብቻችሁን አትያዙት። እናንተም እንደ እኔ ሐኪም አይደላችሁም፤ አብራችሁት ሆናችሁ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ወላጅ፣ ወደ ሐኪም አድርሱት። ከጸለያችሁለትም በኋላ አድርሱት።

አንተም «ደህና ነኝ» እያልክ የምትደማው፣ አንቺም፣ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ እውነቱን ተናገሩ። ማንም ካልጠየቃችሁ ደግሞ ራሳችሁ ሂዱና ንገሩ።

በዚያ ተራራ ላይ ሊፍቶቹ ከቆሙ በኋላ ፓትሮሎቹ ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን መንገድ እየፈተሹ ይወርዳሉ፤ የቀረ ሰው እንዳይኖር። ዛፎቹ አጠገብ ይቆሙና ይጣራሉ። ከዚያ ወዲያው አይሄዱም፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እኔ ከታች ሆኜ ድምፃቸውን፣ ቀጥሎም ጸጥታውን እሰማ ነበር።

ጌታ እንዲህ የምንጣራና እንዲህ የምናዳምጥ ያድርገን። አሜን።