ሁለት ማክሰኞ የቆየ ቀሚስ

አንዳንድ ሲትኮም ሰባት ስምንት ሲዝን አርጅቶ ይሞታል። «ዎርክ ኢት» ግን ክርስትና እንኳን ሳይነሳ ነው የተቀጨው። የአሜሪካው ኤቢሲ ጃንዋሪ 3 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ማክሰኞ ማታ ጀመረው፤ በቀጣዩ ማክሰኞ ሁለተኛውን ክፍል አሳየ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሰረዘው። የተቀረጸው 13 ክፍል ነበር። ፈጣሪዎቹም ጀማሪዎች አልነበሩም፤ አንድሩ ራይክና ቴድ ኮኸን «ፍሬንድስ» ላይ የሠሩ ጸሐፊዎች ናቸው።

ታሪኩ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ፖንቲያክ የተባለውን መኪናውን ማምረት ሲያቆም ሁለት ጓደኛሞች ሥራ ያጣሉ፤ ሊ ሻጭ፣ ኤንጅል ሜካኒክ። ሊ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ይሰማል፤ የሚቀጥረው ግን ሴቶችን ነው። ቀሚስ ይለብሳል፣ ዊግ ያደርጋል፣ ኢንተርቪው ይገባል፣ ያልፋል። ኤንጅልም ይከተለዋል።

ሁለቱንም ክፍሎች አየኋቸው። አልሳቅሁም። ዲቨሎፐር ስለሆንኩ መሰለኝ፣ የወደቀ ነገር ሳይ የት ጋ እንደተሰበረ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ችግሩ ወንድ ቀሚስ መልበሱ አይደለም። በ1982 የወጣው «ቱትሲ» ላይ ደስቲን ሆፍማን ያንኑ አድርጎ ሕዝቡን አስቋል። እዚያ ግን ሰውዬው ሥራ ያጣው በራሱ አመል ነው። ቀሚሱን ሲለብስ ደግሞ አለቃው በስሙ ሳይሆን በቁልምጫ ሲጠራው፣ ሐሳቡን ሲያጣጥልበት ያያል። ጭምብሉ ዋጋ ያስከፍለዋል።

«ዎርክ ኢት» ላይ ቀሚሱ እንደ ቪአይፒ ካርድ ነው፤ ለብሰህ ትገባለህ፣ በቃ። ከሥር ያለው ሐሳብ «ሥራውን ሴቶቹ ወሰዱት» የሚል ነው። እርግጥ በኢኮኖሚ ቀውሱ ወቅት ከሥራ የተባረሩት በብዛት ወንዶች ነበሩ፤ ኮንስትራክሽንና ፋብሪካ ነው የተመታው። ግን ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2011 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ቀውሱ ካበቃ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ወንዶች 768,000 ሥራ ሲያገኙ ሴቶች 218,000 አጥተዋል። ድራማው የተላለፈው ከዚህ ሪፖርት ወራት በኋላ ነው።

በእኔ ሙያ ጭምብሉ የሚደረገው በተቃራኒው ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ጊትሃብ ላይ የሚላክ ኮድን ተመልክቶ ነበር። ለፕሮጀክቱ እንግዳ ከሆኑ ሰዎች መካከል፣ ጾታቸው ከፕሮፋይላቸው በማይታወቅበት ጊዜ የሴቶቹ ኮድ ከወንዶቹ በላይ ተቀባይነት ያገኛል። ሲታወቅ ግን ከወንዶቹ በታች ይወርዳል። የእኔ አካውንት ላይ ሁለት ፊደልና አንድ የድመት ሥዕል ነው ያለው። «ብሮ፣ አሪፍ ፊክስ ነው» ይሉኛል። አላርማቸውም። ዊግ አላደረግሁም፣ ድምፄን አልለወጥኩም፤ ዝም ማለት ብቻ በቂ ነው። ሊ ለሥራ ብሎ ሴት ሆነ፤ እኔ ለሥራ ብዬ ማንም አልሆንኩም።

ቀሚሱ ቀልድ ያልሆነላቸውም ነበሩ። ግላድና ሂውማን ራይትስ ካምፔይን ድራማው ከመጀመሩ በፊት «ቫራይቲ» ላይ ሙሉ ገጽ የተቃውሞ ማስታወቂያ አወጡ። በዚያን ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ ሰው ትራንስጀንደር በመሆኑ ብቻ ቢባረር የግዛቱ ሕግ አይከላከልለትም ነበር። የፌዴራሉ የሥራ ሕግ እነሱንም እንደሚጠብቅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ2020 ነው። «አሁን ይያዝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ለሊ የሳቅ ምንጭ ነው፤ ለእነሱ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው።

የሚቆጨኝ ታሪኩ ውስጥ አንድ እውነት ተቀብሮ መቅረቱ ነው፤ ፖንቲያክ። ዕድሜህን የሰጠኸው ስም ከበሩ ላይ ወርዶ ጠዋት ተነስተህ የምትሄድበት ስታጣ፣ ሚስትህን ምን ትላታለህ? ጸሐፊዎቹ ይህን በጥቂት ደቂቃ አልፈው ወደ ቀሚሱ ሮጡ። እኔ ግን ይሄ ነገር ይገባኛል። አምስት ዓመት የተማርኩትን ኮድ ማሽን በሰከንዶች ሲጽፈው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ስለዚያ ፍርሃት አንድ ሰው ደፍሮ ሲትኮም ቢሠራ፣ 13ቱንም ክፍል በአንድ ሌሊት እጨርሰው ነበር።