የኢምባካሲ ድሪቶ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ መንገደኛ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ እግሩ መጀመሪያ የሚረግጠው መሬት ኢምባካሲ ይባላል። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1958 ዓ.ም. ሲመረቅ የሚጠራው በዚሁ በሰፈሩ ስም ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። በጉልበታቸው ከሠሩትም መካከል በማው ማው ትግል ዘመን የታሰሩ ኬንያውያን ይገኙበታል። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ማረፊያው ጆሞ ኬንያታ ተብሏል።

መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ መካከለኛው ከተማ ያልፋል። እኛ ግን አንባቢዎቻችንን ፓይፕላይንና ታሲያ ወደሚባሉት የኢምባካሲ መንደሮች ልንወስዳቸው ወደድን። በዚያ ፎቆቹ እጅግ ተጠጋግተው ስለ ተሠሩ፣ ከሰገነት ወደ ሰገነት የተሰጣው ልብስ መንገዱን ያጠላዋል። ከፎቁም ሥር ልብስ ሰፊው በሲንጀሩ ላይ አጎንብሶ ይውላል፤ በስዋሂሊ ቋንቋ ባለሙያ ሁሉ ፈንዲ ስለሚባል፣ እርሱም ፈንዲ ነው። ከመቀሱ የሚወድቀው ባለ ብዙ ቀለም ቁራጭ ጨርቅ የዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት ነው።

እኛ ሰልባጅ የምንለውን ልብስ ኬንያውያን ሚቱምባ ይሉታል፤ ትርጓሜውም እስር ወይም ጥቅል ማለት ነው። ከባሕር ማዶ በጥቅል መጥቶ ጊኮምባ በሚባለው ትልቅ ገበያ ይዘረገፋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ገበያው ለውጭ ዕቃ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የአገሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተዳከሙ። በ2016 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪቃ መንግሥታት ሰልባጅ እስከ 2019 ዓ.ም. ቀስ በቀስ እንዲቀር ተስማምተው ነበር፤ ኬንያ ግን ከአሜሪካ ጋር ያላት የንግድ ዕድል እንዳይነካባት በ2017 ዓ.ም. ከውሳኔው ወጣች። ነጋዴው እንጀራዬ ነው ይላል፤ ባለ ፋብሪካው ገበያዬን ዘጋብኝ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሳይሸጥ የቀረው ጨርቅ ግን በ1975 ዓ.ም. ወደተከፈተው የዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ ይደርሳል። የፈንዲውም ቁራጭ መንገድ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚያነሣው እጅ ካላገኘ በስተቀር።

ይህ እጅ የሚሠራው ሥራ በአማርኛ ድሪቶ ይባላል። ቃሉ ደረተ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ እራፊን ከእራፊ ጋር አያይዞ መስፋትን ያመለክታል። በእኛ ዘንድ ድሪቶ ለባሽ ማለት ድኻ ማለት ስለሆነ ቃሉ ያሳፍራል። ነገር ግን በ1880ዎቹ ዓመታት በሱዳን የማህዲ ተከታዮች እራፊ የተደረተበትን ቀሚስ ዓለምን የመናቅ ምልክት አድርገው ለብሰውታል፤ በኋላም እራፊው በሥርዓት ተደርድሮ የሠራዊቱ መለያ ሆኗል። በአሜሪካ አላባማ ጊስ ቤንድ በሚባለው መንደር ደግሞ የባሮች ልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ለብርድ የሰፉት ድሪቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በሂውስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ሴቶች የሚያጣፉት ካንጋም ቢሆን ከመደረት እንደ ተወለደ ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሴቶቹ ፖርቱጋሎች ያስለመዱትን መሐረብ ሦስት ሦስት አድርገው ሁለት ረድፍ እየሰፉ አንድ ሰፊ ልብስ ያወጡ ነበር። ነጠብጣቡ ጅግራ ስለሚመስል ካንጋ ተባለ፤ ካንጋ በስዋሂሊ ጅግራ ነውና። የዙሪያው ጥለት ፒንዶ፣ መካከሉ ምጂ ማለትም ከተማ ይባላል። በላዩም ምሳሌያዊ ንግግር ይታተምበታል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚወዱ የቤት እመቤቶችና ወጣቶች ሥርዓቱን በአጭሩ እናስረዳለን። አስቀድሞ ጨርቁ ሁሉ ይታጠባል፤ የኪቴንጌ ቀለም አንዳንድ ጊዜ ስለሚለቅ ነጩን ያበላሻልና። የሚለጠጥ ሹራብ ከማይለጠጥ ጥጥ ጋር አይደባለቅም። ከዚያም በካርቶን ልክ አራት ማዕዘን ይቈረጣል። ለስፌት በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚተው፣ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ የሚፈለገው ቁራጭ 11.2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቈረጣል። ስፌቱ በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ፣ ከ15 ቁራጭ የተሠራው ረድፍ በ3 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ከጎረቤቱም ረድፍ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ትዕግሥት ከመርፌ ይቀድማል። እያንዳንዱ ስፌት ከተተኮሰ በኋላ ከታች ገበር፣ ከመካከል ጥጥ፣ ከላይ የተደረተው ፊት ይነጠፋል። ሦስቱ ለጊዜው በሰፋፊ ስፌት ይያያዛሉ። ከዚያም ጨርቁ እንዳይጨማደድ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሰፋል፤ በመጨረሻም ጠርዙ ይከፈፋል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፣ በሰኔና በሐምሌ ብርድ እንዲህ ያለው ልብስ ለጌጥ ብቻ አይሆንም።

ሥራው ብቻ ለብቻ ሲሆን ይረዝማል፤ በማኅበር ሲሆን ግን ጨዋታ ነው። በናይሮቢ የድሪቶ ሥራ ወዳጆች ማኅበር አላቸው። ደግሞም በ1996 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ የተጀመረው፣ ስሙ የላይኛው ሰላም ማለት የሆነው አማኒ ያ ጁ፣ ከጦርነት የሸሹ የልዩ ልዩ አገር ሴቶችን በአንድ የስፌት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧል። አገሮቻቸው የተዋጉባቸው ሴቶች አንዲቷ የቈረጠችውን ሌላይቱ ትሰፋለች። በአንድ ቤት አብሮ መስፋት ቂምን በአንድ ቀን አያጠፋም፤ ነገር ግን የጎረቤትን ስም ያስተምራል።

አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ቃል ጨምረን እንሰናበታለን። ጠቀመ የሚለው ግስ ረዳ፣ በጀ ማለት ሲሆን፣ የተቀደደውን ሰፋ ማለትም ይሆናል። ከሣጥናችሁ ግርጌ የተቀመጠውን እራፊ ከመጣላችሁ በፊት ይህን ግስ በሁለቱም ፍቺው እንድታስቡት እናሳስባለን።