ሯጭ ሆነህ እንዴት ትጾማለህ?

ይህን ጥያቄ የቡድን ጓደኞቼም፣ ደሴ ያሉት አያቴም ይጠይቁኛል። በ2025 ረመዷን ሲገባ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪና የ5 ሺህ ሜትር ሯጭ ነበርኩ።

ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ የከበደኝ ረሃቡ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳያልፍ ደንግጓል። ቢሆንም ትምህርቱ፣ ጥናቱና አምስቱ ሶላት ሲደመሩ ቀኑ ያጥራል።

ጾሙ የተያዘው ማርች 1 ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ልምምዱ የሚያልቀው ልክ መግሪብ ሲደርስ ስለነበር ሜዳው ዳር ቆሜ በተምር አፈጥር ነበር። ማርች 9 የአገሩ ሰዓት በአንድ ወደፊት ሲገፋ ግን ኢፍጣር ከልምምዱ አንድ ሰዓት ራቀ። አሰልጣኜ ሙስሊም አይደለም፤ ብጠይቀው ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ አደረገልኝ። (ሳንጠይቅ «አይረዱንም» የምንል ብዙ ነን።)

ለውድድር ሩቅ ስንጓዝስ? አባቴ፣ «መንገደኛ ነህ፤ ሩኽሷው የአላህ ችሮታ ነው፤ አፍጥረህ ቀዷ አውጣ» አለኝ። አያቴ ግን «ለሩጫ ተብሎ?» ብለው ዝም አሉ። ሀኪም ኦላጁዋን በፌብሩዋሪ 1995 እየጾመ ተጫውቶ የኤንቢኤ የወሩ ምርጥ ተጫዋች መባሉን አውቃለሁ፤ አደንቀዋለሁም። የእርሱ ጽናት ግን ሱረቱል በቀራህ ላይ ለመንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ አያስቀርም። የአባቴን ቃል ያዝኩ።

ያፈጠርኳቸውን ሁለት ቀናት በፈተና ሰሞን ቀዷ አወጣሁ፤ አያቴ በስልክ ይቆጥሩልኝ ነበር።